የሚስ አይሪስ መርዶ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ እዚህ ሜልቦርን ሰንሻይን ገበያ መሀል፣ የሰው ሠርግ ላይ ሳይቀር ክንዴን ያዝ ያደርጉና፣ እትዬ አስካለ፣ ያቺን የሆሊውድ ተዋናይ ያጥቧት ነበር አሉ፣ እውነት ነው ወይ ይሉኛል። አዎ፣ አጥባቸው ነበር። ከእሳቸው በፊትም በኋላም ስንቱን ሽማግሌና ስንቷን አሮጊት አጥቤያለሁ፤ ስለነሱ የጠየቀኝ የለም። ይሄ ወገብ የተቆረጠው በአንዲት ተዋናይ ነው እንዴ?

ልጄ ራሄል ብሶቴን መስማት ሰልችቷት፣ ማሚ፣ በቃ ጻፊውና እረፊ አለችኝ፣ ያው በእንግሊዝኛዋ። በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ መመለስ ከጀመረች ቆይታለች፤ እሱም ራሱን የቻለ ሌላ ብሶት ነው። እሺ፣ ልጻፈውና ሁላችሁም እረፉ። ግን ከመጀመሪያው ነው የምጀምረው። ተዋናይቷ ላይ ለመድረስ የቸኮለ ካለ ይታገሥ፤ እኔም ስንቱን ታግሼ ነው የደረስኩባቸው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ማዳም ሲራን የሚባሉ አርመን ፀጉር ቤት ውስጥ ነው። ማዳም አማርኛቸው እንደኔና እንደናንተ ነው፤ ቁጣቸው ግን የራሳቸው ነበር። ውሃውን በክንዳቸው ሳይሞክሩ የሰው ራስ ላይ አያፈሱም። ከኋላ መጥቶ የሰው ፀጉር መንካት ክልክል ነው፤ መጀመሪያ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን መተያየት ያስፈልጋል። ቢጉዲን የሚጠቀለለው ከማጅራት ተጀምሮ ወደ ላይ ነው፤ ከግንባር የጀመረች ሠራተኛ ማበጠሪያው እጇ ላይ ያርፍባታል። እኔ ላይ አርፎብኛል። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ የምታለቅስ ደንበኛ ካየን ደግሞ ሙቀቱን ቀነስ አድርገን ዞር ማለት ነው። ምን ሆነሽ ነው ብላ የጠየቀች ልጅ ያን ቀን ፎጣ ስታጥብ ትውላለች። ሰው እዚህ የሚመጣው ለማማር ብቻ አይደለም፣ ጩኸት ካለው ማሽን ሥር ተቀምጦ ለማልቀስም ነው ይሉን ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት በሃያ ዓመቴ ነው፤ ያኔ ምን ገብቶኝ!

ደንበኞቻችን ከመጽሔት የተቀደደ የተዋናይ ፎቶ ይዘው ይመጡና እንደዚች አድርጊኝ ይላሉ። ፀጉሩን እሠራዋለሁ፤ ፊቱን ከየት ላምጣ? ሳይመስሉ ሲቀሩ ደግሞ ጥፋቱ የኔ ነው። የሆሊውድ ሴቶችን የጠላኋቸው ያኔ ነው። ሲኒማ ቤት ገብቼ ያየሁት ፊልም በጣት የሚቆጠር ነው። ቀኑን ሙሉ ፀጉራቸውን ስሠራ ውዬ ማታ ደግሞ ከፍዬ ልያቸው?

ከዚያ የሆነው ሆነ፤ ማዳምም ሄዱ፣ እኔም በሱዳን በኩል ወጣሁ። የሱዳኑን ዘመን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ አቅሙ የለኝም። ሜልቦርን ስገባ ሰንሻይን አንድ የዶሮ ፋብሪካ ተቀጠርኩ፤ ጭኑን ከክንፉ መለየት ነው ሥራው። ቅዝቃዜው ጣቴን ገደለው። ፎርማኑ ስሜን መጥራት ስላቃተው «ሌዲ» ይለኝ ነበር፤ አክብሮት እንዳልሆነ ለማወቅ ግን እንግሊዝኛ መማር አያስፈልግም። አንድ ቀን ማታ ራሄልን ላበጥራት ብዬ ማበጠሪያው ከእጄ ሲወድቅብኝ፣ በቃ አልኩ። የኬረር፣ ማለት የአስታማሚ፣ ኮርስ ወሰድኩና ማሪቢርኖንግ፣ ወንዙ አጠገብ ያለ ነርሲንግ ሆም፣ የአዛውንቶች መጦሪያ ገባሁ። ደሞዙ ያው የሚታወቅ ነው፤ ወረቀቱ ከአዛውንቶቹ ይበዛል።

የመጀመሪያው ቀን አባቴን የሚያህሉ ሰውዬ አስረከቡኝና ልብሳቸውን አውልቂና እጠቢ ተባልኩ። በስመአብ! የት ልግባ? ሰውየውም እኔን አይተው ግድግዳው ላይ ተጣበቁ። ምን ላድርግ፣ ማዳም ትዝ አሉኝ። መስታወት ፈልጌ ፊት ለፊታቸው አቆምኩና በመስታወቱ ውስጥ ተያየን፤ ውሃውን በክንዴ ሞከርኩ፤ ከማጅራታቸው ጀመርኩ። ሰውየው ትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ቀን በኋላ ኮርሱ ያስተማረኝን ግማሹን ረሳሁት፤ የማዳምን ግን አንድም አልጣልኩም።

አለቃችን ማርግሬት ትባላለች። ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ስትሄድ ነፋስ ታስነሳለች፣ ቁልፎቿ እየተንጫጩ አንድ አረፍተ ነገር ጀምራ ሌላ ክፍል ውስጥ ትጨርሰዋለች። «ችግር የለም» ካለች ችግር አለ ማለት ነው። ከኔ ጋር አንድ ሺፍት የምትሠራው ደግሞ ዘነበች ነበረች፣ ከኔ በብዙ ዓመት የምታንስ፣ ጴንጤ። እኔ ስጾም ትስቅብኛለች፣ እሷ አልጋ እያነጠፈች ስትዘምር እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ። ሙያዋ ላይ ግን እንከን አይወጣላትም፤ ሰው ስታነሳ እንቁላል የምታነሳ ነው የሚመስለው።

ሚስ አይሪስ ቤልሞር የመጡት በክረምት ነው። ማርግሬት ሰበሰበችንና፣ የምትመጣው ትልቅ ተዋናይ ናት፣ ሆሊውድ የኖረች ናት፣ ፎቶ ማንሳትና ፊርማ መጠየቅ ክልክል ነው አለችን። እኔ የማላውቃቸውን ሴትዮ ፊርማ ምን ላደርገው? መጡ። ከሰማንያ አልፈዋል፣ ቀጥ ብለው ነው የሚቀመጡት፣ ተሽከርካሪ ወንበሩን ዙፋን አስመስለውታል። ታውቂኛለሽ አሉኝ። አላውቅዎትም አልኳቸው። ከየት ነሽ? ከኢትዮጵያ። እዚያ ሲኒማ የለም? ሞልቷል አልኩ። ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።

ጠዋት ጠዋት ሥራችን ቅንድብ ነው። ሴትዮዋ ቅንድብ የላቸውም። የፊልም ስቱዲዮው በወጣትነታቸው እየላጨ እንደገና ሲስልላቸው ኖሮ፣ በመጨረሻ መብቀሉን ትቶታል። በየማለዳው በእርሳስ እስላለሁ፣ እሳቸው በመስታወት ያያሉ፣ ያጠፉታል፣ እንደገና እስላለሁ። ግራው ተገርሟል ይላሉ፤ ቀኙ ተቆጥቷል ይላሉ። መብራቱን ከላይ አታድርጊው፣ ከላይ የመጣ ብርሃን ሰውን አስከሬን ያስመስለዋል ይላሉ። ቁርስ ይቀዘቅዛል፣ ሌሎቹ ደወል ይደውላሉ፣ ማርግሬት በር ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ቅንድቡ ሳይሳል ግን ከክፍላቸው አይወጡም፣ ሐኪም ቢመጣም አይወጡም። ስንት ቀን ነው እርሳሱን ወርውሬ ልወጣ የቃጣኝ! ደግነቱ መብራቱ ላይ ልክ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየሰዉ ክፍል መብራቱን ወደ ጎን አዞርኩ፤ ሁሉም ፊታቸው ሰው መሰለ።

ታሪካቸውን የሰማሁት በቁርጥራጭ ነው፣ ፀጉር ሲታጠቡ። ተወልደው ያደጉት እዚሁ ፉትስክሬይ ነው፤ አባታቸው የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ስማቸው ዶሪስ ፓይክ። ልጅነታቸው ሳያልቅ አንድ የቁንጅና ውድድር አሸንፈው በመርከብ አሜሪካ ሄዱ። ስቱዲዮው ስማቸውን ቀየረ፣ ጥርሳቸውን ቀየረ፣ አነጋገራቸውን ቀየረ፤ የሚበሉትን ሳይቀር የሚወስነው እሱ ነው። መጀመሪያ ሲጨፍሩ ከኋላ ከሚታዩት አንዷ ነበሩ፤ ቀጥሎ የዋናዋ ሴት ጓደኛ፣ በር የምትከፍት፣ ኮት የምትቀበል። ከዚያ አንድ ፊልም ላይ እናቷ የሞተባትን ልጅ ሆነው አለቀሱና ዓለም አወቃቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ማልቀስ ብቻ ሆነ። ባል ትቷቸው ሲያለቅሱ፣ ልጅ ሞቶባቸው ሲያለቅሱ፣ ባቡር አምልጧቸው ሲያለቅሱ። ሲያረጁ ቴሌቪዥን ላይ የሰው አማት አደረጓቸው፤ እሱም አለቀና ሁለት ባል ፈትተው፣ ልጅ ሳይወልዱ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ።

ወደ ሀገራቸው የመለሳቸው ግን አንድ ነገር ነው፣ ታላቅ እህታቸው ግላዲስ። ግላዲስ ሰንሻይን ነው የሚኖሩት፣ ከኛ በመኪና ቅርብ ነው። ሚስ አይሪስ ከመጡ ጀምሮ በግላዲስ ልጅ በሸሪል በኩል መልእክት ይልካሉ፤ የሚመጣው መልስ ያው አንድ ነው፣ እዚያው ታልቅስ። ሸሪል ዋይንድሃም ቬል አዲስ ቤት ሠርታ ገብታለች፤ የገና በዓል ሲደርስ አበባ ይዛ ትመጣለች፣ ጥቂት ተቀምጣ ትሄዳለች። እናቷን ግን ማምጣት አልሆነላትም። በየእሑዱ ሚስ አይሪስ ቅንድባቸውን ተስለው መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ማንን እንደሚጠብቁ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም።

አንድ ቀን ራሳቸውን እያጠብኩ በመስታወቱ ውስጥ አዩኝና ነገሩኝ። ያን ፊልም ሲሠሩ እናታቸው እዚህ ፉትስክሬይ ሞቱ። ቴሌግራሙ ስቱዲዮ ደረሰ፤ ዳይሬክተሩ ግን ቀናት አስቀምጦ ያዘው። የለቅሶው ትዕይንት የሚቀረጽበት ዕለት፣ መብራቱ ተስተካክሎ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ፣ ካሜራው እየዞረ ሳለ መጥቶ ጆሯቸው ላይ እናትሽ ሞታለች አላቸው። ዓለም ያጨበጨበለት ለቅሶ እሱ ነው። ከዚያ ሥራው አላለቀም ብለው ወደ ሀገራቸው እንዳይመጡ ከለከሏቸው። ፊልሙ እዚህ መጥቶ ሲታይ ግላዲስ ከነሐዘን ልብሳቸው ገብተው አዩት። እናቷን ልትቀብር ያልመጣች እህታቸው፣ ፀጉሯን ተሠርታ ለሐሰት እናት ስትንሰቀሰቅ። ግላዲስ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህት የለኝም አሉ። ሚስ አይሪስ ደብዳቤ ጽፈው ነበር፤ ሳይከፈት ተመለሰ። ስልክም ደውለው ነበር፤ ተዘጋባቸው።

«ያ የእማዬ ለቅሶ ነው» አሉኝ። «ከዚያ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም። ያ ሁሉ ፊልም፣ ዓይኔ ላይ የሚያንጠባጥቡት ግሊሰሪን ነው። ግላዲስ ሳትሞት አንድ ጊዜ ብቻ ብትሰማኝ ይበቃኛል።»

ሰው መርዶውን ካሜራ ፊት ይረዳል? እንዲህ ያለ ጉድ ሰምቼ አላውቅም። ፎጣውን ከራሳቸው ፈትቼ ሆሙ ያለው ካስክ ሥር አስገባኋቸውና፣ ሙቀቱን ቀነስ አድርጌ ዞር አልኩ። ግን አላለቀሱም።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ደረስን። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የዴስኩ ስልክ ይጮኻል፣ የሚያነሳው ጠፍቷል፤ እኔ አነሳሁት። ሸሪል ናት። ድምጿ ተሰብሯል። እናቴ በጣም ታማለች፣ ሆስፒታል ገብታለች፣ አክስቴ አይሪስ ከቻለች አሁኑኑ ትምጣ አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁ።

አሁን እውነቱን ንገሩኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰማላችሁ? በስልክ ሞተች የሚል ሰው የት አለ? ወንድሜ አዲስ አበባ የሞተ ጊዜ ትንሽ አሞታል ነው የተባልኩት፤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቄሱና ጎረቤቱ በሬ ላይ ቆመው ሳይ ገባኝ። የዘነበች አባት ሲሞቱም በጣም ታመዋል፣ ጸልዪ ነው የተባለችው። በጣም ታማለች፣ ድምፅ የተሰበረ፣ አሁኑኑ ትምጣ። ለዘነበች ነገርኳት። ድምጿ ተሰብሯል ወይ አለችኝ። አዎ። ትምጣ ብላለች? ብላለች። «በቃ አርፋለች፣ እትዬ አስካለ» አለች። ሁለታችንም ተቀምጠን አለቀስን፣ ፎጣ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ።

ሰውን አመሻሽ ላይ አያረዱም። እህል ይቅመስ፣ ይተኛ፣ ጠዋት ሰው ተሰብስቦ ይዞት ይንገረው። ይህን ማን ያስተምረኛል? ደግሞም ይቺ ሴት የእናቷን መርዶ መብራት በርቶባት፣ ብቻዋን፣ ካሜራ አፍጥጦባት የሰማች ናት። የእህቷን እንኳ በወጉ ትስማ ብዬ ነው። እራት ላይ ሾርባውን አሙቄ አቀረብኩላቸው፣ ፀጉራቸውን ሳይጠይቁኝ ጠቀለልኩላቸው። ምን ሆነሻል ዛሬ፣ እንዲህ ደግ የሆንሽው አሉኝ። ምንም አልኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ከሺፍቱ ቀድመን ገባን። እኔ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ዘነበች ጥቁር ሹራብ ለብሳ። ማርግሬትን ቢሮዋ ገብተን ነገርናት። ደነገጠች፤ ቁልፎቿ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አሉ። መቼ ነው የተደወለው አለችኝ። ትናንት አልኳት። ትናንት? አለችና ዓይኗ ፈጠጠ፤ ኋላ እንነጋገራለን ብላ ተከተለችን።

ሚስ አይሪስ ገና አልተነሱም፣ ቅንድብ የላቸውም። ሦስት ሴቶች በአንዴ ሲገቡ አዩን፣ ነጠላዬን አዩ፣ የማርግሬትን ፊት አዩ። ከመቶ ፊልም በላይ የሠራ ሰው የቆመ ሰው ለምን እንደቆመ ያውቃል። ማን ነው ዳይሬክተሩ አሉ፣ ቀስ ብለው። ዘነበች በአንድ በኩል እኔ በሌላው ተቀመጥንና ያዝናቸው።

«ግላዲስ አርፈዋል፣ እመቤቴ» አልኳቸው።

ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ከሆዳቸው አንድ ድምፅ ወጣ፣ የሚያምር ድምፅ አልነበረም፤ ፊልም ላይ የሚሆን አልነበረም። አፋቸው ተጣመመ፣ አፍንጫቸው ፈሰሰ፣ ትከሻቸው እጄ ውስጥ ዘለለ። አልነገርኳትም እያሉ፣ አልነገርኳትም እያሉ። ዘነበች በጸሎቷ፣ እኔ በእግዞታዬ፣ ማርግሬት ደግሞ ራሷን እየያዘች ከበናቸው፣ እሳቸው ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። አለቀሰች፣ ተመስገን፣ እርሟን አወጣች አልኩ በልቤ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ ደስ አለኝ። ሥራዬን በወጉ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ፊታቸውን በሞቀ ፎጣ እያጠብኩ ስልክ አለ ተባልኩ። ሸሪል ናት። ተቆጥታለች። እናቴ፣ አይሪስ ትመጣለች ወይስ አትመጣም እያለች ስትጠይቅ አደረች፣ ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ አለችኝ።

እናትሽ? አልኩ። እናቴ አለች። እናትሽ ሞታ የለም ወይ? ማን ነው ሞታለች ያለሽ አለችኝ። አንቺ ነሻ አልኳት! በጣም ታማለች ነው ያልኩት አለች። እኮ! በጣም ታማለች ብለሽኛል! አልኳት። እስካሁን ድረስ ከሸሪል ጋር በዚህ ነገር አልተግባባንም። ሰው በጣም ታማለች ሲል በጣም ታማለች ማለቱ ከሆነ፣ እንግዲህ የሞተ ሰው ሲኖር ምን ይላሉ? ሞተ ይላሉ። እንዲሁ፣ በስልክ፣ ሞተ።

አሁን ማን ይግባ? ለመርዶ ወግ አለን። ሞተች ተብሎ የተለቀሰላት ሴት አልሞተችም ለማለት ግን አባቶቻችን ምንም አላስቀመጡልንም። ዘነበች ጌታ ሆይ ብላ ግድግዳ ተደገፈች። ማርግሬት ፊቷ ቀልቶ አንቺ ግቢ አለችኝ። ገባሁ። መስታወቱን አዞርኩና በመስታወቱ ውስጥ አየኋቸው። ተሳስቼ ነው፣ በሕይወት አሉ፣ እየጠሩዎት ነው አልኳቸው። በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቃል ብቻ፣ ኮቴን አሉ።

እርሳሱን አነሳሁ። ቅንድብ ሳይሳሉ የማይወጡ ሴትዮ ናቸው፤ ዓይናቸው አብጦ ሊጠፋ ነው፣ አፍንጫቸው ቀልቷል፤ ትንሽ ዱቄት እንኳ ልቀባዎት አልኩ። ጊዜ የለም፣ ተይው አሉኝ። ይህን በጆሮዬ ሰማሁ ብል ማንም አያምነኝም።

ታክሲ ቡክ አደረግሁ፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባው እስኪመጣ ደጃፉ ላይ ስንቆራጠጥ ቆየሁ። መጣ፤ ሾፌሩ ደግሞ ለሽርሽር የወጣን ይመስል ባላራት ሮድ ላይ ያለውን ቀይ መብራት ሁሉ እየቆመ ተሳለመው። ዓርብ ማታ ግላዲስ ትራስ ተደግፈው፣ ሾርባ ጠጥተው፣ እንደልብ ሲያወሩ እንደነበር በኋላ ሸሪል ነግራኛለች። ያ ምሽት የሁለቱ እህትማማቾች ነበር፤ እኔ ለወጉ ስል ፀጉር ጠቅልዬበት አሳለፍኩት። ማርግሬት ለዚህ ወረቀት ጽፋብኛለች፣ ለተወሰነ ጊዜም ከሚስ አይሪስ ክፍል አንስታኛለች፤ ቢያንገበግበኝም ተሳስታለች አልልም። ግላዲስ ጥቂት ቀን ቆይተው አረፉ። ያን ጊዜ ሸሪል ደወለችና፣ አስካለ፣ ስሚኝ፣ ሞተች ነው የምልሽ፣ ሞተች አለችኝ። ያን ያህል እንኳ መድገም አያስፈልጋትም ነበር።

ወደ ቅዳሜው ልመለስ። ሆስፒታሉ ደርሰን ወንበሩን እየገፋሁ ገባሁ። ሸሪል አልጋው አጠገብ ናት፤ እኔን በዓይኗ ገረፈችኝ፣ አክስቷን ስታይ ግን አፏን ያዘች፤ ያለ ቅንድብ አይታቸው አታውቅማ። ግላዲስ ትንሽ ሴትዮ ናቸው፣ ትራሱ ውጧቸዋል። ሌሊቱን ሲጠብቁ አድረው ደክመዋል፤ ድምፃቸው ከሹክሹክታ አይበልጥም። ዓይናቸውን ገለጡና እህታቸውን አዩ። ያንን ያበጠ፣ የቀላ፣ ባዶ ፊት ብዙ አዩት።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ?» አሉ።

«አልቅሼ ነው» አሉ ሚስ አይሪስ።

«ማን ሞቶብሽ?»

«አንቺ። ጠዋት ሞተሻል ብለውኝ።»

እኔ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። የግላዲስ ደረት ተንቀጠቀጠ፤ ነርስ ልጠራ ስል ለካ እየሳቁ ነው፣ ድምፅ የሌለው ሳቅ። ሳቁ አለቀና እንደገና ያንን ፊት አዩት።

«ካሜራ ነበር?» አሉ።

«አልነበረም» አሉ ሚስ አይሪስ። ከዚያ መናገር ጀመሩ። ቴሌግራሙን፣ ዳይሬክተሩን፣ ጆሯቸው ላይ የተነገራቸውን፣ የተመለሰውን ደብዳቤ። ዕድሜ ልኩን በሰው ፊት ሲናገር የኖረ ሰው እንደዚያ ሲንተባተብ አይቼ አላውቅም፤ አንዱን ጀምረው አንዱን ይጥላሉ፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ይጠርጋሉ። ያ ለቅሶ የእማዬ ነው፣ ሌላ የማንም አይደለም አሉና ጨረሱ። ግላዲስ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አለቁ ብዬ ነበር። በሙያዬ ብዙ አይቻለሁና እጄን ወደ እጃቸው ልሰድድ ስል ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንቺ ጅል» አሏቸው። «ይህን ለመናገር እስክሞት ጠበቅሽ?»

ከዚያም እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡ። እኔ የወንበሩን ፍሬን ለቅቄ እስከ አልጋው ድረስ አስጠጋኋቸውና ከሸሪል ጋር ወጥተን በሩን ዘጋነው።